የክርስቲያን ዶፕለር ሕይወትና የጥንድ ከዋክብት ብርሃን

ፊዚክስ የተማረ ሁሉ የዶፕለርን ስም ያውቃል። የሚያውቀው ግን እንደ ቀመር እንጂ እንደ ሰው አይደለም፤ ቀመሩንም ቢሆን ለፈተና አጥንቶ ከአዳራሹ ሲወጣ በሩ ላይ ትቶት የሚሄደው ይበዛል። ሰውየውን ማወቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በዘመናችን የከዋክብት ተመራማሪዎች በሩቅ ጋላክሲዎች እምብርት ውስጥ ተጠጋግተው እርስ በርስ የሚዞሩ ሁለት ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶችን ይፈልጋሉ። የሚፈልጉበት መሣሪያ የዶፕለር ሐሳብ ነው። የሚያሰናክላቸውም ነገር ዶፕለርን ራሱን ካሰናከለው ነገር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

ክርስቲያን ዶፕለር በኖቬምበር 29 ቀን 1803 ዓ.ም. በሳልዝቡርግ ከተማ ተወለደ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተወለደበት ቤት የሚገኝበት አደባባይ የሞዛርት ቤተ ሰብ በአንድ ወቅት የኖረበት ነው። አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ሙያው በቤተ ሰቡ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ክርስቲያን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ጤናው ደካማ ስለ ነበረ መዶሻና መሮ እንደማይሆኑለት ታወቀ። አባቱ ግራ ቢገባው በከተማው የሒሳብ መምህር የነበረውን ሲሞን ሽታምፈርን አማከረ። ሽታምፈርም የልጁን ችሎታ አይቶ ወደ ቪየና ፖሊቴክኒክ እንዲላክ መከረ። ዶፕለር በ1822 ወደ ቪየና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትምህርት ዘመኑ አንዴ በቪየና አንዴ በሳልዝቡርግ እየተመላለሰ ያለፈ ነው፤ ብዙ የሚነገርለት የለም። በ1829 የሒሳብ ፕሮፌሰር ለነበረው ለአዳም ቡርግ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ረዳትነቱ የአራት ዓመት ውል ብቻ ስለ ነበረ በ1833 አለቀ። ያን ጊዜ ዶፕለር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በየትምህርት ቤቱ ለሚከፈተው ቦታ አመለከተ፣ ተወዳደረ፣ ጠበቀ። መልስ ሳይመጣ ሲቀር በአንድ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ሆኖ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሠራ። ዲግሪውን ጠቅልሎ በየቢሮው ደጅ ለሚጠና ወንድማችን ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ወደ አሜሪካ ለመሰደድ ቆረጠ። ዕቃውን ሸጠ፤ በ1835 ሙኒክ ድረስ ሄዶ ከአሜሪካ ቆንስል ጋር ተነጋገረ። ጉዞው ሊያልቅለት ሲል ከፕራግ ከተማ ደብዳቤ መጣ፤ በአንድ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር እንዲሆን ተሹሟል። ስለዚህ አሜሪካ ቀረች። በማግሥቱ ዓመት በ1836 የሳልዝቡርግ አንጥረኛ ልጅ የሆነችውን ማቲልዴ ሽቱርምን አገባ፤ አምስት ልጆችም ወለዱ። በ1841 የፕራግ ፖሊቴክኒክ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆነ።

ፕራግ ግን አላረፈበትም። የሚያስተምራቸውና የሚፈትናቸው ተማሪዎች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ፈተናው ደግሞ በቃልም ጭምር ስለ ሆነ ሳምንታት ይፈጃል። ተማሪዎቹ በበኩላቸው አፈታተኑ ከልክ ያለፈ ጥብቅ ነው ብለው አቤት አሉ፤ ነገሩም ተመርምሮ ዶፕለር ተገሠጸ። በዚህ ጉዳይ የኛ መጽሔት አንባቢዎች ከየትኛው ወገን እንደሚቆሙ መገመት አያስቸግርም። ቢሆንም የሰውየውን ሳንባ ያደከመው በሽታ ሥር የሰደደው በዚሁ ዘመን መሆኑን መርሳት አይገባም። በ1844 የሕመም ፈቃድ ጠይቆ ሥራውን አቋረጠ፤ የተመለሰውም በ1846 ነው።

ስሙን ያስጠራው ሥራ የተሠራው በዚህ ድካም መካከል ነው። በሜይ 25 ቀን 1842 በፕራግ በቦሔሚያ የሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበበ። የአድማጩ ቁጥር በጣት የሚቆጠር ነበር። የጽሑፉ ርእስ ስለ ጥንድ ከዋክብት የቀለም ብርሃን የሚል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ዶፕለር ሲነሣ አብሮ የሚነሣው የባቡር ፉጨት ነው። እርሱ ግን የተነሣው ከባቡር አይደለም። ከመጀመሪያው በልቡ የነበሩት ሁለት ሆነው እርስ በርስ የሚዞሩ ከዋክብት ናቸው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። በሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ ታንኳ ወደ ማዕበሉ ሲሄድ ማዕበሉ ቶሎ ቶሎ ይመታዋል፤ ከማዕበሉ ጋር ሲሸሽ አልፎ አልፎ ይመታዋል። የማዕበሉ ምንጭ ቢጠጋ ወይም ቢርቅም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ድምፅ ሞገድ ከሆነ፣ ብርሃንም ሞገድ ከሆነ፣ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ድምፁ መቅጠን፣ ብርሃኑም ወደ ሰማያዊ ማዘንበል አለበት፤ ከእኛ የሚርቅ ነገር ድምፁ መወፈር፣ ብርሃኑም ወደ ቀይ ማዘንበል አለበት። ልዩነቱ የሚለካው የምንጩን ፍጥነት ለሞገዱ ፍጥነት በማካፈል ነው። በአውራ ጎዳና ዳር ቆሞ ጡሩምባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና የሰማ ሁሉ የሕጉን ግማሽ በጆሮው ያውቀዋል።

ዶፕለር በዚህ ሕግ ተነሥቶ አንድ ትልቅ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። የከዋክብት ሁሉ የተፈጥሮ ብርሃን ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው አለ፤ ከጥንድ ከዋክብት አንዱ ቀላ ብሎ ሌላው ሰማያዊ መስሎ የሚታየው አንዱ ሲርቅ ሌላው ስለሚጠጋ ነው አለ። ብርሃናቸው አንዳንዴ የሚደምቀውና የሚፈዘውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ወደፊት የከዋክብትን እንቅስቃሴ ለመለካት ዘዴው እንደሚያገለግልም ተነበየ።

ሕጉ ትክክል ነበር። ማስረጃ ብሎ ያቀረበው ግን ትክክል አልነበረም። አንድ ኮከብ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ብርሃን በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የሞገዱ ርዝመት የሚለወጠው በአሥር ሺህ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ይህን ዓይን በቀለም ሊለየው አይችልም። ሌላም አለ። ከቀይ ወዲያ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ፣ ከሐምራዊ ወዲህ ደግሞ አልትራቫዮሌት እንዳለ በ1800 እና በ1801 ታውቆ ነበር። የኮከቡ ብርሃን በሙሉ ወደ ሰማያዊ ቢንሸራተት፣ ሰማያዊው ወጥቶ ሲሄድ ከኋላው የማይታየው ኢንፍራሬድ እየተተካ ይገባል፤ ቀለሙም እንደ ነበረ ይቀራል። የከዋክብት ቀለም የሚመጣው በዋናው ከሙቀታቸው ነው። ዶፕለር ያየው ቀለም እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነበር።

ይህን በቅርብ የተገነዘበው ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት ነው። ስለ ከዋክብት ቀለም የተነገረውን አልቀበልም አለ፤ ሕጉን ራሱን ግን በድምፅ ሊፈትነው ወሰነ። በ1845 በዩትሬክት አጠገብ በባቡር ሐዲድ ላይ ጡሩምባ ነፊዎችን አሰለፈ፤ ከፊሎቹ በባቡሩ ላይ ሆነው አንድ ዜማ ሳያቋርጡ ይነፋሉ፣ በጆሯቸው የተመሰከረላቸው ሙዚቀኞች በሐዲዱ ዳር ሆነው ድምፁን ይመዝናሉ። በፌብሩዋሪ ብርድና በረዶ አበላሸባቸው፤ በጁን ተሳካ። ባቡሩ ሲመጣ ዜማው ቀጠነ፣ ሲሄድ ወፈረ። የዶፕለር ተቺ ሊሆን የተነሣው ሰው የሕጉ የመጀመሪያ ምስክር ሆኖ ቀረ።

በ1847 ዶፕለር ከፕራግ ተነሥቶ በሃንጋሪ ግዛት ሸምኒትዝ ወደሚባል የማዕድን ከተማ ሄደ፤ በማዕድንና በደን አካዳሚው ሒሳብና ፊዚክስ ያስተምር ጀመር። በ1848 አብዮት ተነሣ፤ ሃንጋሪ ታወከች፤ እርሱም ወደ ቪየና ተመለሰ። በጃንዋሪ 1850 በቪየና ዩኒቨርስቲ አዲስ የተቋቋመው የፊዚክስ ኢንስቲትዩት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። በዚያ ካስተማራቸው መካከል በ1851 ከብሩን ገዳም የመጣ አንድ መነኩሴ ነበረ፤ ስሙ ግሬጎር ሜንዴል ነው። በኋላ አተር እየዘራና እየቈጠረ የዘር ውርስን ሕግ ያገኘው እርሱ ነው።

ሹመቱ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ጠላትም መጣ። ዮሴፍ ፔትስቫል የሚባል በቪየና የታወቀ የሒሳብ ሊቅ፣ በፎቶግራፍ መነጽር ሥራውም ስሙ የገነነ፣ በ1852 በሳይንስ አካዳሚው ፊት የዶፕለርን ሕግ አጣጣለ። ታላቅ የተፈጥሮ ሕግ በጥቂት መስመር ቀላል ሒሳብ ሊገኝ አይችልም የሚል መንፈስ ነበረው። የራሱ ስሌት በራሱ መንገድ ስሕተት የለበትም፤ ግን የመለሰው ሌላ ጥያቄ ነው። ምንጩና ሰሚው ቆመው በመካከላቸው ያለው አየር ቢነፍስ ድምፁ አይለወጥም ብሎ አረጋገጠ። ዶፕለር የተናገረው ስለ ተንቀሳቃሽ ምንጭና ስለ ተንቀሳቃሽ ሰሚ ነበር። ዶፕለር መልስ ሰጠ፤ አካዳሚው ግን ወደ ፔትስቫል ያዘነበለ መሰለ። በኖቬምበር 1852 የታመመ ሳንባውን ሞቅ ያለ አየር ይረዳው እንደ ሆነ ብሎ ወደ ቬኒስ ሄደ። በማርች 17 ቀን 1853 በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ እዚያው አረፈ፤ የተቀበረውም በሳን ሚኬሌ ደሴት ነው። በብርሃን ስለ ተናገረው ነገር አንድም የታመነ መለኪያ ሳያይ ሞተ።

የጐደለው ምን እንደ ሆነ ፈረንሳዊው ፊዞ ዶፕለር ሳይሞት በ1848 ተናግሮ ነበር፤ ንግግሩ ግን በጊዜው በሰፊው አልተሰራጨም። የሚጐድለው በብርሃኑ ውስጥ ያለ ምልክት ነው። ፍራውንሆፈር በ1814 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርግቶ ሲመለከት በቀስተ ደመናው መካከል ብዙ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች አገኘ። እያንዳንዱ መስመር የታወቀ ቦታ አለው። መላው ቀለም ቢንሸራተት ዓይን አያውቅም፤ መስመሩ ከቦታው ቢነቃነቅ ግን ይለካል። ወሰኑ ያልተተከለ ማሳ መስፋቱና መጥበቡ እንደማይታወቅ፣ ችካል ካለው ግን ጋት እንኳ ቢሰረቅ እንደሚታወቅ ማለት ነው።

ችካሉ ቢገኝም ልኬቱ ቀላል አልሆነም። እንግሊዛዊው ሃጊንስ በ1868 የሲሪየስን ኮከብ መስመር በዓይኑ ለክቶ ኮከቡ ይርቃል አለ፤ ዛሬ እንደሚታወቀው ሲሪየስ በሰከንድ 5.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠጋል። በፖትስዳም ፎግል መስመሩን በፎቶግራፍ ማንሣት ከጀመረ ከ1888 በኋላ ነው ቁጥሩ የታመነው። በ1889 ደግሞ ዶፕለር ያለመው ነገር በሁለት ቦታ ደረሰ። በሃርቫርድ ፒከሪንግ የሚዛር ኮከብ አንድ መስመር አንዳንድ ቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ሆኖ እንደሚታይ አገኘ፤ በቴሌስኮፕ አንድ ነጥብ የሚመስለው ኮከብ በእርግጥ ሁለት ነበር። ነገሩን በትጋት የተከታተለችው እዚያው የምትሠራው አንቶኒያ ሞሪ ናት። በዚያው ዓመት ፎግል አልጎል የሚባለው ኮከብ መስመሩ ወደዚህና ወደዚያ ሲመላለስ አየ፤ የማይታይ ጓደኛው እየጐተተው ነው። ከጥንድ ከዋክብት የተነሣው ሐሳብ በአርባ ሰባተኛ ዓመቱ ወደ ጥንድ ከዋክብት ተመለሰ።

አሁን ወደ ጥቁር ጉድጓዶች እንሻገር። በታላላቅ ጋላክሲዎች እምብርት ከፀሐይ በሚሊዮንና በቢሊዮን እጥፍ የሚከብድ፣ ብርሃን እንኳ የማያስወጣ ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ ይታወቃል። ጋዝ ሲወድቅበት ጋዙ ግሎ ያበራል፤ ኩዌዛር የሚባለው ይህ ነው። በአካባቢው የሚበረው ጋዝ በስፔክትረም ላይ የራሱን መስመሮች ይተዋል፤ ጋዙ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ስለሚከንፍ መስመሮቹ ሰፋፊ ናቸው። ጋላክሲዎች ይጋጫሉ፣ ይዋሐዳሉ። ታዲያ ሁለቱ ጥቁር ጉድጓዶች የት ይደርሳሉ? በ1980 ቤገልማን፣ ብላንድፎርድና ሪስ ሁለቱ ተጠጋግተው በጥንድ እንደሚዞሩ አስረዱ። በሺህ የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ተራርቀው ያሉ ጥንዶች በቴሌስኮፕ ታይተዋል፤ በጋላክሲ 0402+379 ደግሞ በ24 የብርሃን ዓመት ርቀት ያሉ በራዲዮ ተለይተዋል። ከዚያ የቀረቡትን ግን በሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ለይቶ የሚያይ መነጽር ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ወደ ፎግልና ወደ ፒከሪንግ ዘዴ መመለስ ግድ ሆነ፤ አንዱ ጥቁር ጉድጓድ ጋዙን ይዞ ሲጠጋ መስመሩ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ መሄድ አለበት።

አንድ ምሳሌ እናስላ። እያንዳንዳቸው ከፀሐይ 100 ሚሊዮን ጊዜ የሚከብዱ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች በአንድ ሦስተኛ የብርሃን ዓመት ርቀት ይዙሩ እንበል። በኬፕለር ሕግ ስናሰላ እያንዳንዱ በሰከንድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። የሃይድሮጅን መስመር በ4861 አንግስትሮም ላይ ያለው ወደ 24 አንግስትሮም ይንሸራተታል ማለት ነው፤ ይህን ለመለካት ደኅና መሣሪያ አያቅተውም። ጭንቁ ሌላ ነው። አንድ ዙር ለመጨረስ 210 ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። ሚዛር ዙሩን በሃያ ቀን ተኩል ይጨርሳል፤ ፒከሪንግ ብዙ ዙር አይቶ መፍረድ ይችል ነበር። እዚህ ግን መስመሩ ሲመላለስ ቆሞ ለማየት ዕድሜ አይበቃም።

መስመሩን አንድ ጊዜ ከቦታው ወጥቶ በማየት ብቻ መፍረድ ደግሞ አደገኛ ነው። ጋስክል የሚባል ተመራማሪ 3ሲ 390.3 የሚባለውን ጋላክሲ ሁለት ጫፍ ያለው መስመር ስላለው በጥንድነት ጠረጠረው። በ1997 ኤራክልዮስና ባልደረቦቹ የብዙ ዓመት ስፔክትረም አሰባስበው ሲመረምሩ ጥንድ ቢሆን ኖሮ የሚያስፈልገው ክብደት ከሚታመነው በላይ ሆነ፤ ጥርጣሬው ወደቀ። በአንድ ጥቁር ጉድጓድ ዙሪያ እንደ ምጣድ የተዘረጋ ጋዝ ራሱ አንድ ወገኑ ሲመጣ ሌላው ሲሄድ ሁለት ጫፍ ያለው መስመር ይሰጣል። በ2009 ቦሮሰንና ላውር ሁለት ዓይነት ሰፊ መስመር በሰከንድ 3,500 ኪሎ ሜትር ልዩነት የያዘ ኩዌዛር አገኙ፤ ወሬው ትልቅ ነበር። ዳግመኛ ሲታይ መስመሮቹ የሚጠበቀውን ያህል አልተነቃነቁም። መስመሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህን ቃል ስለ ዶፕለር ቀለም ስንናገር ሰምተነዋል።

ስለዚህ ኤራክልዮስና ጓደኞቹ ትዕግሥትን መረጡ። ከ15,900 ያህል ኩዌዛሮች መካከል መስመራቸው በሰከንድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተንሸራተተ 88 ለይተው በ2012 አሳተሙ፤ ከዚያም እየደጋገሙ ስፔክትረማቸውን ያነሡ ጀመር። የሚፈልጉት በመስመሩ ፍጥነት ላይ በየዓመቱ የሚታይ አነስተኛ ለውጥ ነው። የጋዙ የራሱ መናወጥ ተመሳሳይ ለውጥ ስለሚያመጣ እዚህም ፍርዱ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ዶፕለርን እበድለዋለሁ። በ2015 ግሬሃምና ባልደረቦቹ ፒኬኤስ 1302-102 የተባለው ኩዌዛር ብርሃኑ በ5.2 ዓመት ገደማ እየደመቀና እየፈዘዘ እንደሚመላለስ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ዶራዚዮ፣ ሃይማንና ሺሚኖቪች ምክንያቱን በዶፕለር ሕግ አስረዱ። ትንሹ ጥቁር ጉድጓድ ከብርሃን ፍጥነት ከመቶ በርካታ እጅ በሚሆን ፍጥነት እየበረረ ከሆነ፣ ወደ እኛ ሲዞር መላው ብርሃኑ ይደምቃል፣ ሲሸሽ ይፈዝዛል፤ አልትራቫዮሌቱም ከሚታየው ብርሃን በሁለት እጥፍ ያህል አብልጦ መለዋወጥ አለበት። የቀድሞ መዛግብት ከስሌቱ ጋር ተስማምተው ተገኙ። መስመር ሳይሆን መላው ብርሃን፣ በመዞር ብቻ ቀለሙንና ድምቀቱን የሚለውጥ ጥንድ፤ ዶፕለር በ1842 ለጥቂት አድማጮች ያነበበው ይኸው ነበር። ለከዋክብት ስሕተት የሆነው የከዋክብት ፍጥነት ስላልበቃ ነው።

ይህም ቢሆን ገና አልተፈረደለትም። በ2016 ቮንና ባልደረቦቹ የኩዌዛር ብርሃን ያለ ሥርዐት ሲዋዥቅ እንኳ ለጥቂት ዙር ሥርዐት ያለው መስሎ ሊታይ እንደሚችል አሳዩ፤ በ2018 የወጡ አዳዲስ ልኬቶችም የ5.2 ዓመቱን ዙር አላጠናከሩትም። በሌላ በኩል በጁን 2023 የፐልሳሮችን ምት የሚከታተሉ ቡድኖች ሰማዩን ሁሉ የሞላ ዝግተኛ የስበት ሞገድ ምልክት ማግኘታቸውን ገለጹ፤ በብዙዎች ግምት ምንጩ እንዲህ ያሉት ጥንዶች ናቸው። ጥንዶቹ እንዳሉ ይመስላል። ይህ ነው ያ ነው ተብሎ በስሙ ሊጠራ የሚችል፣ ዙሩ በመስመር ተለክቶ ያለቀለት ግን የለም። ከ88ቱ አንዱ ከላይ እንዳሰላነው ጥንድ ቢሆንና የመጀመሪያው ስፔክትረሙ በ2002 ተነሥቶ ቢሆን፣ መስመሩ ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመለሰው በ2212 ገደማ ነው።